ውሃውስ በየት ይለፍ?

የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አዲስ አበባ ለመድረስ ጣርማ በርን መውጣት አለበት። ዳገቱም፣ ጉሙም፣ ዋሻውም አለ። ሽንኩርቱ አበሳውን የሚያየው ግን እዚያ አልነበረም። ከማሳ እስከ አስፋልት ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነበር። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን 225 ኪሎ ሜትር ግድም አይሱዙ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ከአስፋልቱ ወዲህ ያለው የአህያ፣ የጋሪና የሰው ትከሻ ሥራ ነበር። መሀል ላይ አንድ ድልድይ ስላለ ነው።

ድልድይ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የመስኖ ቦይ መሻገሪያ ነው። ሁለት የብረት ወራጅ፣ በላዩ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ከግንዱ በላይ ጣውላ፣ ከጣውላው በላይ አፈር። በቃ። ብረቱ መቼ እንደመጣ አንዱ ሽማግሌ "በጃንሆይ ጊዜ ነው" ይላል። ሌላው "ኧረ በደርግ ነው፣ ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም" ብሎ ያፈርስበታል። ብረቱ የፈለገው ዕድሜ ይኑረው፣ እንጨቱ ግን በየዓመቱ አዲስ ነው። ምስጥ ይበላዋል። ምስጥ የተወውን እርጥበት ይጨርሰዋል። መስከረም ላይ ቦዩ ከደለል ሲጠረግ የድልድዩም እንጨት አብሮ ይለወጣል። ግንድ ያለው ግንድ ያመጣል፤ የሌለው ጉልበቱን።

አህያ ለምዶታል። ባጃጅ "ወርዳችሁ ተሻገሩ" እያለ ባዶውን ያልፋል። ግመል ግን በጭራሽ አልተቀበለውም። ከቆላው ጨውና ከሰል ጭነው የሚመጡ ግመሎች ነበሩ። መሪዋ ግመል አንድ እግሯን ጣውላው ላይ ታሳርፋለች። ከሥር ባዶ መሆኑን የሚናገረውን ድምፅ ትሰማለች። እግሯን መልሳ ትቆማለች። ባለቤቷም አይከራከራትም። ወደ ታች ወርደው ቦዩ የሚጠብበት ቦታ ፈልገው ይሻገራሉ፤ የቦዩን ጠርዝ እየናዱ። ከዚያ ጠብ ነው።

አይሱዙስ? አይታሰብም። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ከነራሱ ክብደት ከ7 ቶን አያንስም። አንድ ሾፌር ሊደፍር መጥቶ ወርዶ ከሥር ካየ በኋላ "እኔ ልጆች አሉኝ" ብሎ ወደ ኋላ ተመልሷል። አይሱዙን በፍጥነቱ "አልቃይዳ" ያለው ሕዝብ የአይሱዙ ሾፌር ሲፈራ ማየቱ ራሱ ወሬ ሆኖ ከርሟል።

ስለዚህ ሽንኩርቱ በጆንያ ሆኖ በአህያ አስፋልት ዳር ይወጣና ይከመራል። ሽንኩርት ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ልቡ ስስ ነው። አንዴ ከተመታ ቁስሉ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ፀሐይ ላይ በዋለ ቁጥርም ክብደቱ ይቀንሳል። ሮቢት ደግሞ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ አይለምንም። ደላላው ይህን ሁሉ ያውቃል። ቀስ ብሎ ይመጣል። ሽንኩርትህ አስፋልት ዳር ከተከመረ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው፤ መልሰህ ወደ ማሳ አትወስደው። ወንድሜ እዚያው ነው የሚያርሰው። ስልክ ስንደዋወል "ዘንድሮ እንዴት ነው?" ብዬ ስጠይቀው ስለ ዝናብ ወይም ስለ ማዳበሪያ አያወራኝም። "ድልድዩ" ይላል።

እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። እንደ ከተሜ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነበር። የእንጨቱን አውጥቶ የአርማታ ማድረግ። አለቀ። የገጠር ድልድይ ለምን እንደሚከብድ የገባኝ ሥራው ሲጀመር እየተመላለስኩ ካየሁት በኋላ ነው።

የቦይ ድልድይ ከወንዝ ድልድይ የሚለየው ሁለት ባለቤት ስላለው ነው። በ2003 ዓ.ም. ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ ግብ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። ብዙ ቀበሌም ተገናኝቷል። መንገድ ከመስኖ ቦይ ጋር ሲገናኝ ግን ሁለት ሙያም አብሮ ይገናኛል። የመንገድ ሰው ቦዩን የሚያየው እንደ ጉድጓድ ነው፤ መሻገር አለበት። የመስኖ ሰው መንገዱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው፤ ማለፍ ይችላል፣ ቤቱን ሳይነካ። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ እስኪስማሙ ድረስ አህያ መጫን ነው።

የእኛ ወረቀት መጀመሪያ የመጣው ከመንገድ በኩል ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ዕቅዳቸው ሦስት የኮንክሪት ቱቦ ጎን ለጎን ቀብሮ በላዩ አፈር መሙላት ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ መኪና ያሳልፋል። ስብሰባው ዋርካ ሥር ተደረገ። ሁሉም ደስ አለው። እጅ ለማጨብጨብ ሲነሳ የውሃ አባቱ ተነሱ።

የውሃ አባት ለማያውቅ ልንገር። ተጠቃሚው ራሱ የሚመርጠው ሰው ነው። የውሃ ተራ የሚያወጣው እሱ ነው። በሌሊት የሰው ተራ ላይ የቦይ በር የከፈተውን የሚቀጣው፣ የቦይ ጠረጋ የሚጠራው፣ ወንድምና ወንድም በውሃ ሲጣሉ መሀል የሚገባው እሱ ነው። ደመወዝ የለውም። ወንድሜ "ደመወዙ ስድብ ነው" ይላል።

"ኢንጂነር፣ እግዜር ይስጣችሁ። ድልድዩ መልካም ነው" አሉ። "ውሃውስ በየት ይለፍ?"

"በቱቦው ነው አባባ። ሦስት ቱቦ ነው የምንቀብረው።"

"ስፋቱ?"

"60 ሳንቲም።"

የውሃ አባቱ በስንዝር አየር ላይ ለኩ። ሦስት ስንዝር ሞላ አልሞላ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ወረዱ። ውሃው ጭናቸው ጋ ደረሰ። እጃቸውን ወዲያና ወዲህ ዘረጉት፤ ዳሩን አልነኩትም። "ይሄ ሁሉ እዚያች ውስጥ ይግባ ነው የምትለኝ ልጄ?"

ኢንጂነሩ ወጣት ነው። እውነት ለመናገር እሱን ያከበርኩት ያኔ ነው። ቢፈልግ "አባባ፣ ይሄ ሳይንስ ነው" ብሎ ሊያልፋቸው ይችል ነበር። ማስታወሻውን አውጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቦዩ ከሥሩ 1.5 ሜትር ይሰፋል። ሙሉ ሲለቀቅ የውሃው ጥልቀት 0.8 ሜትር ነው። ጎኑ በ45 ዲግሪ ተኝቷል። ስለዚህ ውሃው የሚያልፍበት ክፍት 1.84 ካሬ ሜትር ነው። ባለ 60 ሳንቲሙ አንድ ቱቦ 0.28 ካሬ ሜትር ነው። ሦስቱ ተደምረው 0.85። ከግማሽ በታች።

"ቱቦ ውስጥ ውሃው ይፈጥናል" አለ፣ ለራሱም ለእኛም። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። ለመፍጠን ግን ከላይ በኩል መቆለል አለበት። ከቱቦው በላይ ያለው ውሃ ከፍ ይላል ማለት ነው። የቦዩ ጠርዝ ደግሞ ከውሃው በላይ 40 ሳንቲም ብቻ ነው የቀረው፤ ደለል ሲሞላ እሱም ያንሳል። የራስጌው ሰው ሽንኩርት በውሃ ይዋጣል፤ የግርጌው ሰው ችግኝ ይደርቃል። ሽንኩርት ደግሞ ሥሩ ላይ ላዩን ነው። ሲጠማም ውሃ ሲተኛበትም አይችልም።

ይሄ ሁሉ ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ነው። ቦያችን የሚያመጣውን ነገር ብታዩ! የበቆሎ አገዳ፣ የሙዝ ቅጠል፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ የፕላስቲክ ወንበር። ክፍት ቦይ ላይ ይሄ ሁሉ በረጅም እንጨት ጎትቶ ማውጣት ነው። ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከተሰነቀረ ማን ይገባለታል? መሀል ላይ ምሰሶ ቢተከልም ያው ነው፤ አገዳው ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል፣ በአገዳው ላይ ፌስታሉ፣ በፌስታሉ ላይ ደለሉ።

ውሃ ቦታው ሲነካ የሚያደርገውን ለማየት ዓባይ ድረስ መሄድ ይቻላል። ሰባራ ድልድይ የሚባለው አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መሀሉን ሰበሩት። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ነው ሲሻገር የኖረው፤ አሥር ሰው ወዲህ፣ አሥር ሰው ወዲያ ሆኖ አንዱን መሀል ላይ አንጠልጥሎ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰበረውን መሀል በብረት ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ መጥቶ ያንን ብረት ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከፍ አድርገው የተንጠለጠለ ድልድይ ሠሩ። ውሃው ቁመቱን ራሱ ነገራቸው። የእኛ ቦይ ዓባይ አይደለም፤ ጸባዩ ግን አንድ ነው።

ዕቅዱ ተመለሰ። ጊዜ ወሰደ፤ ገንዘቡም ጨመረ። ማጨብጨብ የጀመሩት ሰዎች የውሃ አባቱን ኩርፊያ ጀመሩ። "ድልድያችንን አስቀረብን" የሚል ሐሜት ነበር። ወንድሜም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነበር፤ ይቅርታ ያድርግልኝ። በመጨረሻ የመጣው ሥዕል ቱቦም ምሰሶም የለውም። ወዲያና ወዲህ የድንጋይ ግንብ፣ በላዩ አንድ ወጥ የአርማታ ሰሌዳ፣ ከግንብ እስከ ግንብ 5 ሜትር። የሰሌዳው ውፍረት ከ30 ሳንቲም ያልፋል። ሆዱ ከቦዩ ጠርዝ በላይ ነው። ውሃው ድልድይ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

አሁን ደግሞ መቼ ይሠራ የሚለው መጣ። ሽንኩርት በመስኖ የሚለማው በበጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቦይ መዝጋት ማለት የሰው እንጀራ መዝጋት ነው። በክረምት ውሃው አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጉድጓዱን ዝናብ ይሞላዋል፣ ሮቢ ወንዝም ከደጋው ጎርፍ ይዞ ይወርዳል፣ የጠጠር መኪናም ጭቃ ውስጥ ይተኛል። የተስማሙት በበጋ ነው፤ ከጎን ማዞሪያ ቦይ ተቆፍሮ። ሕዝቡ ራሱ ቆፈረው። ውሃ እንዳይሰርግ ከሥሩ ላስቲክ ተነጠፈ። የድሮው እንጨት ፈረሰ። ሁለቱ ብረቶች ሲወጡ ከላይ ዝገው፣ አፈር ውስጥ የተቀበረው ጫፋቸው ደግሞ እንደ ቅጠል ሳስቶ ነበር። በዚያ ላይ ስንዘል ያደግን ልጆች መሆናችንን ሳስበው እግሬን በላኝ።

መሠረቱ አስቸገረ። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ድልድይ እዚህ ላይ ከቆመ እየተነሳና እየተቀመጠ ይኖራል። ስለዚህ ከቦዩ ወለል በታች ጠንካራው እስኪገኝ ወረዱ። ጉድጓዱ ውሃ አፈለቀ። ገበሬው ለመስኖ የሚጠቀምበትን የውሃ ሞተር አምጥቶ ቀን ከሌት ጉድጓዱን አስተፋው።

አርማታው የተሞላበትን ቀን ደርሼበታለሁ። ጎሕ ሳይቀድ ነው የተጀመረው፤ በሮቢት ሙቀት ቀትር ላይ አርማታ ማፍሰስ ስንጥቅ መዝራት ነው። ላዩ ውስጡን ሳይጠብቅ ይደርቃል። ሚክሰሩ ዳር አንዲት ልጅ ቁጥር ትይዛለች። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። ጠጠር የሚሞሉት ልጆች ሣጥኑን ሳይሞሉ ሊያልፉ ሲሉ "ጎደለ!" ትላለች፣ ቀና ሳትል። ሁለት ሁለት ሆነው በባሬላ የሚያመላልሱት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የደከማቸው "ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ ይቅጠን" ይላሉ። የቀጠነ አርማታ ለሥራ ይመቻል። ሲደርቅ ግን ትርፉ ውሃ ተንኖ ቀዳዳ ነው የሚተወው። ፎርማኑ ለዚህ ነገር ፊት አልሰጠም። ውሃ የሚጨምር ሰው እንዳይኖር በርሜሉ ላይ ራሱ ተቀመጠበት። ቃል በቃል። በርሜሉ ላይ።

እኔ ያየሁት ሌላው ነገር ፌሮው ነው። ብረቱ ካሳፎርማው፣ ማለትም አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ፣ ወለል ላይ አልተኛም። ከሥሩ ትንንሽ የሲሚንቶ ኩብ ተደርጎለት ከፍ ብሏል። አርማታው በሁሉም በኩል እንዲሸፍነው ነው። እነዚያ ኩቦች የድልድዩ ዕድሜ ናቸው ማለት ይቻላል። ብረቱ ከአርማታው ውጭ ከቀረ ወይም ሽፋኑ ከሳሳ እርጥበት ያገኘዋል፣ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ከቦይ በላይ ያለ ድልድይ ሆዱ ሁልጊዜ እርጥበት ያገኘዋል። ከላይ ስታየው ደህና ነው፤ ከሥር ግን እየተላጠ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጆንያ አልብሰው ውሃ ማጠጣት ጀመሩ። ይሄን የሠራችው አንዲት የሰፈራችን ሴት ናት። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ውሃውም ከዚያው ከቦዩ ነው። አርማታ ሙሉ ጉልበቱን አገኘ የሚባለው በ28 ቀኑ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕዝቡ በሁለት ግንድ ላይ እየተንገዳገደ ይሻገራል፤ አዲሱ ድልድይ ደግሞ ዓይኑ ሥር ተጋድሞ። "ይኸው ደርቋል እኮ!" የማይል አልነበረም። የባጃጅ ልጆች በሌሊት ሊያልፉ ሞክረው ዘበኛው በዱላ መልሷቸዋል።

ለምረቃው አልደረስኩም። ሪባን ነበር አሉ፣ ንግግርም ነበር፣ ንግግሩም ረዥም ነበር። የውሃ አባቱ ከኋላ ነው የተቀመጡት።

ብዙ ሰው ድልድዩን ሲያመሰግን ሰሌዳውን ነው የሚያየው። እኔ የማደንቀው ሁለቱን ጫፎች ነው። መንገዱ ከድልድዩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ አፈሩ ይሰምጣል፤ አርማታው ከፍ ብሎ ይቀራል። መኪናው በገባና በወጣ ቁጥር "ጓ!" ይላል። የገጠር ድልድይ ስንቱን እንደዚህ አይተናል! እዚህ ግን ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በጠጠራማ አፈር ተተካ። 20 ሳንቲም በ20 ሳንቲም እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ ተጠቀጠቀ። ወንድሜ "ከድልድዩ ይልቅ አፈሩን ሲደበድቡ ነው የከረሙት" ብሎ ሲያማቸው ነበር። አሁን ሻይ በብርጭቆ ይዞ ባጃጅ ላይ ይሻገራል።

ሽንኩርቱስ? አይሱዙ ማሳው ዳር ይቆማል። ይጫናል፣ ይሄዳል። ደላላው አልጠፋም፤ እሱ የትም አይጠፋም። ቀድሞ የምንጠብቀው አስፋልት ዳር ነበር፣ አሁን እሱ ማሳችን ድረስ ይመጣል። ልዩነቱ ሽንኩርቱ ገና መሬት ውስጥ ሳለ ነው ዋጋ የሚነጋገሩት። ካልተስማማህ "ነገ እነቅላለሁ" ማለት ትችላለህ። ይሄ "ነገ" የሚባል ነገር ድሮ አልነበረንም። ያጡም አሉ፤ አህያ የሚያከራዩ ልጆች ሥራቸው ቀዝቅዟል። ግመሎቹ ተሻግረዋል። መሪዋ መጀመሪያ ቆማ አንድ እግሯን አሳረፈች አሉ፤ ዝም አላት፤ አለፈች።

አሁን ያለው ጣጣ ሲኖ ነው። መንገድ ተከፈተ ሲባል አሸዋ ጫኞች ሰሙ። ሮቢ ወንዝ ላይ አሸዋ አለ፤ ወደ አሸዋው የሚወስደው አቋራጭ በድልድያችን ነው። ሲኖ አሸዋ ሲሞላ ከ30 ቶን በላይ ነው። ኢንጂነሩን በስልክ ጠየቅነው። "ድልድዩ አይደለም የሚያሳስበኝ" አለ። "ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ የሚሄደው በቦዩ ጠርዝ ላይ ነው። ድልድዩ ቢችለው ጠርዙ አይችለውም።" የውሃ አባቱ ይሄንን ሲሰሙ "ይኸዋ!" አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ስብሰባ ተጠራ። ከፍታ የሚከለክል ብረት ይተከል ሲባል ሽንኩርት የቆለለ አይሱዙም እንደማያልፍ ታወቀ። ስለዚህ በስፋት ይሁን ተባለ። ወዲያና ወዲህ የብረት ምሰሶ፤ አይሱዙ የሚያሳልፍ፣ ሲኖ የማያሳልፍ። አንደኛው ምሰሶ ትራክተር ሲመጣ እንዲነቀል ቁልፍ ይኖረዋል። ብየዳው ታዟል፣ መዋጮውም ተሰብስቧል። ቀበሌው ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን ይላል። የውሃ ተጠቃሚው ማኅበር እኔ ጋ ይላል። የውሃ አባቱ ደግሞ የቦዩ በር ቁልፍ ሁሉ እሳቸው ጋ እንደሆነ ያስታውሳሉ። የሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደገና ይሰበሰባሉ፤ ወንድሜ በእሳቸው በኩል ነው።